ለአሮጌው መድኃኒት ቤት የገዛሁት አረንጓዴ ቀለም

ሚኒሶታ ውስጥ፣ ሴንት ፖል ከተማ፣ ከሮበርት ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ የቀይ ሸክላ ቤት አለ። በሩ አጠገብ የእጅ መዳፍ የምታክል የነሐስ ሰሌዳ ተለጥፋለች። ቤቱ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው፣ የድሮ መልኩን ሳይለቅ ታድሶ ዛሬም ሥራ ላይ በመዋሉ ምስጋና እንደሚገባው ትናገራለች። ያንን ቤት ከሞት አፋፍ የመለስኩት እኔ ነኝ። ስሜ ሰሌዳዋ ላይ የለም። አይገርመኝም። የትልልቅ ሰዎች ዕጣ ነው።

እሺ፣ ትንሽ አጋነንኩ። ቤቱን ከአፋፉ የመለሱት ዘይነባና ባሏ ሰይድ ናቸው። እኔ ወደ አፋፉ የገፋሁት ነኝ። ግን ልብ በሉ፤ የሚገፋ ሰው ባይኖር የሚመልስ ሰው ማን ያደንቀው ነበር?

ዘይነባ የደሴ ልጅ ናት። ሮዝቪል ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልጋ ስታነጥፍ ኖራ፣ አንድ ቀን ጓንቷን አወለቀችና «በቃኝ፤ ምግብ ቤት እከፍታለሁ» አለች። ሰይድ ታክሲ ነጂ ነው። ያኔ ዘመኑ የፔጀር ነበርና ወገቡ ላይ ጥሪ እየተቀበለች የምትጮኸው ፔጀር ከሱ የበለጠ ትናገር ነበር። ሰይድ በቀን አሥራ አምስት ቃል ይናገራል ቢባል አሥሩ «አብሽር» ነው። ቤት ቢቃጠል «አብሽር»፣ መኪና ቢበላሽ «አብሽር»። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት ሲሆን ደስ ይላል፤ አብሮ ቤት ሲያድስ ግን አንዳንዴ ማበሳጨቱ አይቀርም።

ያገኙት ቤት ድሮ መድኃኒት ቤት ነበር። ባለቤቱ የሰፈሩ ማኅበር ነው። ለዓመታት ተዘግቶ ርግብ ሲፈለፈልበት ከርሟል። ማኅበሩ የሰጣቸው ውል አጭርና ግልጽ ነበር፦ የድሮ መልኩን ጠብቃችሁ አድሱት፤ ሲያልቅ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ መጥቶ ያየዋል፤ ኮሚቴው ከወደደው ቤቱ ለአሥር ዓመት የእናንተ ነው፤ ካልወደደው ቁልፉን መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ዘይነባ ይህን ፈርማ ሥራዋን ለቀቀች። ወደ መጦሪያው የሚመልስ መንገድ አልነበራትም፤ አልጋዎቿን ሌላ ሰው ማንጠፍ ጀምሯል።

የኮሚቴው ሰዎች ቤቱን «ቪክቶሪያን» ይሉታል። እኔ መጀመሪያ ቪክቶሪያ የባለቤትዮዋ ስም መስሎኝ «ሴትዮዋ መቼ ነው የሚመጡት?» ብዬ ጠይቄያለሁ። ኋላ ሲገባኝ የእንግሊዝ ንግሥት ኖረዋል። በሳቸው ዘመን የተሠራ ቤት ሁሉ፣ እሳቸው ሚኒሶታን በሕልማቸውም ሳያዩ፣ በስማቸው ይጠራል። መንገሥ ማለት እንዲህ ነው።

ቤቱ ውስጥ ያለው ዋና ነገር መሳቢያዎቹ ናቸው። ከግድግዳዎቹ አንዱ ሙሉውን፣ ከወለል እስከ ሰው ቁመት በላይ፣ ከኦክ እንጨት የተሠሩ ትንንሽ መሳቢያዎች ብቻ ነው። ዘጠና ስድስት ናቸው፤ ሰይድ ቆጥሯቸዋል። እያንዳንዳቸው የነሐስ እጀታ አላቸው። ድሮ መድኃኒት ቀማሚው ቅጠላ ቅጠሉንና ዱቄቱን ያስቀምጥባቸው ነበር አሉ። ዘይነባ ገና እንዳየቻቸው «በርበሬዬ እዚህ፣ ኮረሪማዬ እዚህ፣ ጥቁር አዝሙዴ እዚያ» እያለች ማከፋፈል ጀመረች። ቤቱን የወሰደችው ለመሳቢያዎቹ ብላ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ለእኔ እንኳ።

እድሳቱን የመሩት የጎን ጎረቤታቸው ጋሽ ካርል ናቸው። ጋሽ የሚለውን የጨመርነው እኛ ነን፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸውን አናጺ ባዶ «ካርል» ብሎ መጥራት አፋችን አልቻለም። እሳቸውም «ጋሽ» የአማርኛ «ሚስተር» መስሏቸው ለምደውታል። ስምንት ወር ሙሉ እየመጡ ለዘይነባና ለሰይድ አንድ ትምህርት ብቻ አስተማሩ፦ ምንም አትጨምሩ፣ የተጨመረውን አንሱ። እነሱም እየተፈራረቁ፣ በብርጭቆ ወረቀትና በመፋቂያ፣ በጣታቸው ጫፍ ሳይቀር፣ የስድስት ተከራይ ቀለም ከእንጨቱ ላይ ገፈፉ። ሲጨርሱ ጠይም፣ ሻካራ፣ እዚህም እዚያም የተጫረ፣ የዘመን ጠባሳ ያለበት፣ የድሮ ቫርኒሹን ያልለቀቀ እንጨት ወጣ። ጋሽ ካርል ሲያዩት ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ ሳየው አዘንኩ። «ይሄን ሁሉ ደክማችሁ እዚህ ነው የደረሳችሁት?» ብዬ ነበር በሆዴ።

የኔን ድርሻ ልንገራችሁ። ሲዋርድ ሰፈር ነው የምኖረው፤ ሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት እቆርጣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኦፍ ስለሆንኩ ለማገዝ እመጣ ነበር። ማገዝ ስል ዘይነባ የሠራችውን እበላና ሥራውን እገመግማለሁ። ሥልጣኑ የመጣው ከራሴ አፍ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን «አዲስ አበባ ስንት መሥሪያ ቤት አስቀብቻለሁ መሰላችሁ! ቀለም የኔ ሙያ ነው» ብዬ ነበር። ውሸት አይደለም። በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ቀለም በጣሳ ይገባል፣ እፈርማለሁ፤ ቀለም በጣሳ ይወጣል፣ እፈርማለሁ። ብሩሽ የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም ያለ እኔ ፊርማ አንድ ግድግዳ አልተቀባም።

የኮሚቴው ደብዳቤ በመጋቢት መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ይመጣሉ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ዘይነባና ሰይድ የቅመሙን ጭነት ከዘመድ ለመረከብ ረቡዕ ማለዳ ቺካጎ መሄድ ነበረባቸው፤ የሚመለሱት ሐሙስ ከሰዓት ነው። ጋሽ ካርልም ዱሉት ከተማ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደዋል። እኔ ከሥራ እስከ ቅዳሜ ፈቃድ ወሰድኩና ቁልፉ ለኔ ተሰጠ።

«ወንድሜ፣ መስኮቱን ብቻ ወልወል አድርግልኝ፣ ወለሉን ጥረግልኝ» አለች ዘይነባ።

«ሌላስ? ሌላ የምሠራው የለም?»

«ኧረ ምንም! ምንም እንዳትነካ። እንዳለ ተወው። አትልፋብን።»

እስቲ ፍረዱኝ። እኛ ሰዎች እርስ በርሳችን «አትልፋ» ስንባባል ምን ማለታችን ነው? ሰው ቤት ሄደህ «ኧረ አትልፉ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ስትል አንጀትህ እየጮኸ አይደለም? ባለቤትየዋስ ትሰማሃለች? አትሰማህም፤ ምጣዷን ትጥዳለች። ባትጥድ ትቀየማታለህ፤ ለሰባት ዓመት ታወራባታለህ። ሠርግ ሲደገስ «አትምጡ፣ ሰው ሞልቷል» ብንባል በማግስቱ ሽንኩርት ልንልጥ ቢላ ይዘን የምንገኝ ሕዝብ ነን። እኔም «አትልፋብን» የሚለውን እንደ ባህላችን ተረጎምኩት። ዘይነባ ትልቅ ነገር ፈልጋ በይሉኝታ ዋጠችው፤ እኔ ደግሞ ይሉኝታዋን የሚረዳ ወንድም ነኝ ብዬ አሰብኩ።

ረቡዕ ጠዋት ገብቼ መስኮቱን ወለወልኩ። ከዚያ ዘወር ብዬ መሳቢያዎቹን አየኋቸው። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ እንግዳ ሊመጣ ነው፤ ያውም የፈረንጅ ኮሚቴ፤ ግድግዳው ደግሞ እንደ አሮጌ ሻንጣ ተጭሯል! የትኛውም የሀበሻ ቤት እንግዳ ሲመጣ አሮጌው ይደበቃል፤ አዲሱ ይወጣል። የተሰነጠቀው ሲኒ ቁምሳጥን ጀርባ ይገባል፣ ሶፋው ላይ ነጠላ ይጣላል። እነዚህ ምስኪኖች ግን እድፋቸውን አደባባይ አውጥተው «ኑና እዩን» ሊሉ ነው። ዕንባዬ መጣ። እውነቴን ነው፤ ወይም ጉንፋን ይሆናል።

ቀጥታ ወደ ሃርድዌር ሱቅ ድራይቭ አደረግሁ። ሻጩ ምን ዓይነት ቀለም እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ ከአሥራ አንድ ዓመት ልምዴ ተነስቼ መለስኩለት። የሀገራችንን መሥሪያ ቤቶች የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ግድግዳው ከወገብ በላይ ውኃ ቀለም፣ ከወገብ በታች ዘይት ቀለም ነው። ባለጉዳይ ቢደገፈው አይቆሽሽም፣ በጨርቅ ታብሶ ይጸዳል፣ ያብረቀርቃል። ቀለሙም አንድ ነው፤ ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ፖሊስ ጣቢያውም የተቀባው ያ አረንጓዴ። እሱን የመሰለውን መርጬ ሁለት ትልልቅ ጣሳ ገዛሁ። ፊርማ የጠየቀኝ ባለመኖሩ ትንሽ ቅር አለኝ።

ረቡዕን ሙሉ፣ ሐሙስንም እስከ ቀትር ቀባሁ። ከወገቤ በታች ያሉትን መሳቢያዎች በሙሉ፣ አርባ ስምንቱን። እጀታቸውንም አብሬ፤ ነሐሱ ጠቁሮ ነበርና አዘንኩለት። የደረጃውን መደገፊያ፣ በሩን እስከ ወገቡ፣ ባንኮኒውን እስከ ወገቡ። ወለሉ ላይ ጋዜጣ አነጠፍኩ። ጋዜጣው እየተነሳ እርጥቡ መሳቢያ ላይ ተለጠፈና ሳላቅቀው የበረዶ መጥረጊያ ማሽን ማስታወቂያ ተገልብጦ ታተመ። እሱንም ቀባሁት። ቶሎ እንዲደርቅም ገና ከረቡዕ ጀምሮ ማሞቂያውን አጥፍቼ መስኮቱንና በሩን በርግጄው ነበር። አዲስ አበባ እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ነፋስ ይገባና በግማሽ ቀን ይደርቃል። በመጋቢት ሚኒሶታ የሚገባው ነፋስ ግን ሌላ ዘር መሆኑን ያኔ አልጠረጠርኩም። በመጨረሻም በወረቀት ላይ በትልቁ «ቀለሙ አልደረቀም፤ አትንኩ» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩና፣ ራቅ ብዬ ቆሜ፣ እጆቼን ወገቤ ላይ አድርጌ አየሁት። የዞን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መሰለ። አማረልኝ።

መጀመሪያ የደረሱት ጋሽ ካርል ናቸው። ከዱሉት ገና መመለሳቸው ነበር፤ በሩ ተበርግዶ ሲያዩ ሌባ መስሏቸው ሮጠው ገቡ። ገብተው ቆሙ። ፊታቸው ቀስ ብሎ ነጣ። ከዚያ ምርኩዝ ፈልገው እጃቸውን ባንኮኒው ላይ አሳረፉ። ማስጠንቀቂያው አማርኛ ነው። በሴንት ፖል አማርኛ የማያነብ ሰው ይገባል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አረንጓዴ መዳፋቸውን አገላብጠው አዩት። እኔን አዩኝ። እንደገና መዳፋቸውን አዩት።

«ማነው ይህን ያደረገው?» አሉ በቀስታ።

«እኔ ነኝ!» አልኩ በኩራት። «ሰርፕራይዝ ነው።»

ጋሽ ካርል ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ጋዜጣው ላይ። ሲነሱ ሱሪያቸው ላይ ምን እንደታተመ ልነግራችሁ አልደፍርም፤ የውስጥ ልብስ ማስታወቂያ ነበር።

ያኔ ነው አንድ ነገር ትክክል እንዳልሄደ ሆዴ የነገረኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የነሰይድ መኪና ቆመች። ዘይነባ የበርበሬ ከረጢት እንደታቀፈች ገባች። ከረጢቱን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። መጮኽ ይሻል ነበር። አልጮኸችም። ወደ መሳቢያዎቹ ሄዳ አንዱን ሳበች፤ አልከፈት አለ። ሌላውን ሳበች፤ አልከፈት አለ። ቀለሙ አፋቸውን ዘግቶታል።

«ስምንት ወር» አለች። «ስምንት ወር በጥፍሬ ነው የፋቅሁት።»

«ዘይነባዬ፣ እንግዳ ሲመጣ…»

«አትልፋ አላልኩህም? ምንም እንዳትነካ አላልኩህም?»

«እሱማ ብለሻል። ግን የእውነትሽን አልመሰለኝም!»

«ታዲያ የእውነቴን ስሆን ምን ልበልህ? ወላሂ ልበል? በልጄ ልማል?»

«አዎ፣ እንደሱ ብትይ ይገባኝ ነበር።»

ሰይድን አየሁት። «አብሽር» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። በሕይወቴ ያንን ቃል እንዲህ ፈልጌው አላውቅም። ሰይድ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ያኔ ገባኝ የጥፋቴ ልክ።

ዘይነባ ጫማዋን እያየች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ፣ «ቅዳሜ ቁልፉን እመልሳለሁ» አለች። «ከዚያ መጦሪያው ሄጄ እለምናለሁ። ባይቀበሉኝስ?» እኔ እዚያው አረንጓዴ ሆኜ ቆሜያለሁ። ጸጉሬ አረንጓዴ፣ ጫማዬ አረንጓዴ፤ ግድግዳውን ተጠግቼ ብቆም የሚለየኝ አልነበረም። ደግሞም ባይለዩኝ ደስ ባለኝ።

በዚህ መሀል ጋሽ ካርል ተንበርክከው አንዱን መሳቢያ በጥፍራቸው ጫፍ ጫር አደረጉት። ቀለሙ እንደ ቅቤ ተከትሎ መጣ። አሸተቱት። ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ማሞቂያውን ማነው ያጠፋው?»

ማን እንደሚሆን መገመት አያቅታችሁም።

«እኔ ነኝ» አልኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ያለ ኩራት።

«መስኮቱንም አንተ ነህ የከፈትከው? ከትናንት ጀምሮ?»

«እኔ ነኝ፤ ይቅርታ።»

ጋሽ ካርል ሳቁ። እንዴት ያለ ሳቅ! ሽማግሌው ወለሉ ላይ ተንበርክከው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። በዚህ ብርድ ዘይት ቀለም አይደርቅም አሉ። ሙቅ ቤት ቢሆን ኖሮ አሁን ድንጋይ ይሆን ነበር። ከሥሩ ያለው የድሮ ቫርኒሽ ደግሞ ጠንካራ ነው፤ ቀለሙ ወደ እንጨቱ አልዘለቀም። ቤቱን ሳናሞቅ፣ ሳንዘገይ፣ በአኳራጅና በጨርቅ ብናብሰው ይለቃል። የመጀመሪያውን ጥፋቴን ያዳነው ሁለተኛው ጥፋቴ ሆነ ማለት ነው። «አየሽ?» ልላት ፈልጌ ነበር ለዘይነባ። አየችኝና ተውኩት።

ዓርብን ሙሉ ካፖርት ለብሰን አበስን። ከሲዋርድ ዘመድ ጎረቤት ተጠራ፤ ስልክ እየደወልኩ «ጨርቅ ይዛችሁ ኑ» ስል ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሲደርሱ ግን ሁሉም «ማነው?» ብለው ጠየቁ፤ ዘይነባም በጣቷ ሳይሆን በአገጯ እየጠቆመች አሳየችኝ። ጨርቅ አለቀ። የሰይድ ካናቴራዎች ገቡ። እነሱም አለቁ። ያለኝን ሸሚዝ አውልቄ ሰጠሁና በካፖርት ብቻ ቀረሁ፤ ይህ መሥዋዕትነት እስከ ዛሬ አልተመዘገበልኝም። ጋሽ ካርል ስስ ምላጭ ይዘው የመሳቢያዎቹን ዙሪያ እንደ ቀዶ ሐኪም ዞሩ። እያንዳንዱ መሳቢያ ጧ ብሎ ሲከፈት የቤቱ ሰው በሙሉ ያጨበጭባል። አርባ ሰባቱ ተከፈቱ። አንደኛው፣ ከታች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለው፣ እምቢ አለ። ጋሽ ካርል «ተዉት፤ እንዳትጎትቱት፤ ይሰነጠቃል» አሉ። ከዚህ ሌላ የቀረው አረንጓዴ በቅርጻ ቅርጹ ቀጭን ቦይ ውስጥ ያለው ብቻ ነበር፤ በጥርስ ብሩሽ ቢፋቅም አልወጣም።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ያበራ ነበር፤ ግን የአኳራጁ ሽታ እንኳን ሰው ዝንብ አያስገባም። ሰይድ ወደ ጓዳ ገብቶ ሽንኩርትና በርበሬ መቁላት ጀመረ። ሽታ በሽታ ይሸነፋል ብሎ ነው። ኮሚቴው ሲገባ የመጀመሪያው ነገር ሦስቱም ማስነጠሳቸው ነበር። መሪያቸው ዶሮቲ የሚባሉ ረጅም ሴትዮ ናቸው፤ መነጽራቸው በሰንሰለት አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሁለተኛው ፎቶ የሚያነሳ ወፍራም ሰውዬ ነው። ሦስተኛዋ ዝም ብላ የምትጽፍ ወጣት ናት፤ ስታስነጥስም የጻፈች ይመስለኛል። በርበሬው ዓይናቸውን አስለቅሷቸው ገና ከደጃፍ እያለቀሱ ሲገቡ ያየ ሰው በእድሳቱ ልባቸው ተነክቷል ይል ነበር።

ዶሮቲ መነጽራቸውን አደረጉና መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። ከላይ ወደ ታች። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ ስዕለት ተሳልኩ። ዘይነባ እጇን በሻርፗ ጠቅልላለች። ሴትዮዋ ጎንበስ አሉ። ከዚያ በጣም ጎንበስ አሉ።

«ይሄ አረንጓዴ ምንድነው?»

ጓዳ ውስጥ ሽንኩርቱ ይንጫጫል። ጋሽ ካርል ውሸት የማይወጣላቸው ሰው ናቸውና ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። «የድሮ ተከራይ» የሚል ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዘይነባ ቀደመችኝ።

«ከትናንት ወዲያ ነው» አለች በእንግሊዝኛዋ፣ ቀጥ ብላ። «ወንድማችን ቀባው። እናንተ እንግዶች ናችሁና ደስ እንዲላችሁ ብሎ። ትናንት ቀኑን ሙሉ አበስነው። ይቺ ቀረች። አልደብቃችሁም።»

ወንድማችን አለች። ሐሙስ ዕለት ሌላ ስም ነበረኝ።

ዶሮቲ ቀና ብለው ሰውን ሁሉ አዩና ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። እንዴት እንዳወቁኝ አልጠየቅሁም፤ ጆሮዬ ገና አረንጓዴ ነበር። «ለምን?» አሉኝ።

«እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ አዲሱን እናወጣለን፤ አሮጌውን እንሸፍናለን» አልኩ።

«እኛ ደግሞ» አሉ ሴትዮዋ፣ «ሥራችን ሰዎችን እባካችሁ አሮጌውን አሳዩን እያሉ መለመን ነው።» ፈገግ አሉ መሰለኝ፤ በበርበሬው ምክንያት ማወቅ አይቻልም። ይህን እያሉ እጃቸውን ዘርግተው አንድ እጀታ ያዙ። ከዘጠና ስድስቱ መሳቢያዎች መሀል የትኛውን? ያንኑ! ከታች ሦስተኛው ረድፍ፣ እምቢ ያለውን!

«እሱን—» አሉ ጋሽ ካርል።

ሳቡት። እንጨቱ እንደ ድመት ጮኸ። ተከፈተ። ዘይነባ ቺካጎ ከመሄዷ በፊት ለሙከራ የከተተችው የኮረሪማ ሽታ እንደተጠራቀመ ወጣ፤ አኳራጁንም፣ የተቁላላውንም፣ ሁሉንም አልፎ። ሴትዮዋ አፍንጫቸውን ከመሳቢያው ውስጥ አስገብተው ረጅም ሰዓት ቆዩ። ቀና ሲሉ ድምጻቸው ተለውጧል። በዚህ ቤት መሳቢያ ውስጥ ቅመም መልሶ የገባው ከስንት ዘመን በኋላ እንደሆነ ጠየቁ። ማንም አያውቅም። እኔ «ብዙ» አልኩ። ወጣቷ ጻፈችው።

ሲወጡ ምንም አልወሰኑም፤ ውሳኔው በደብዳቤ ነው አሉ። ዶሮቲ ግን በር ላይ ዘይነባን ወደ ጎን ሳብ አድርገው «ቁልፉን እንዳትጥዪው» አሏት በጆሮዋ። ዘይነባ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። ከዚያ ቀጥ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ለቅሶ ሆነ፤ ለቅሶዋ መልሶ ሳቅ። ሰይድ ማማሰያውን እንደያዘ ከጓዳ ወጣ፤ ሁላችንንም በየተራ አየንና «አብሽሩ» አለ። ስምንቱ ወር በሙሉ ከትከሻችን ላይ ወረደ። ጋሽ ካርል «ጋሽ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ ያኔ፤ ነገርናቸው፤ ደጋግመው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ቀን የበላሁትን ያህል በልቼ አላውቅም።

ደብዳቤው በሁለተኛው ሳምንት ደረሰ። አሥር ዓመት። የነሐሷ ሰሌዳም የተለጠፈችው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ዶሮቲ ደብዳቤውን ጮክ ብለው አነበቡ። መሳቢያዎቹን አመሰገኑ፤ ዘይነባን አመሰገኑ፤ ጋሽ ካርልን አመሰገኑ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። የመድኃኒት ቤቱ ኮርኒስ አበባ የታተመበት የድሮ ቆርቆሮ ነው፤ ጠርዙ ሳይሰበር፣ የጥንት ቀለሙ ሳይነካ ይኸው አለ። በዚህ ጎዳና ያሉ ሌሎች ኮርኒሶች በሙሉ ወይ ተቀብተዋል ወይ ተሸፍነዋል አሉ። «አርባ ስምንት መሳቢያ የቀባ ሰው» አሉ እየሳቁ፣ «ብሩሹን ይዞ ኮርኒሱ ሥር ቆሞ እጁን ሰብስቧል። ይህ የባለሙያ ትዕግሥት ነው።» ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ ባለሙያ እንደሚያደርገው፣ ጎንበስ አልኩ። ለዓመታት ይህንኑ ጭብጨባ ስኖርበት ቆየሁ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ «የት እንደሚቆም ማወቅ ነው ሙያ ማለት» እያልኩ።

እውነቱ ይኸው ነው። ሁለተኛውን ጣሳ የገዛሁት ለኮርኒሱ ነበር። መሰላሉን አቁሜ ሁለተኛው እርከን ላይ ስደርስ ቁልቁል አየሁና ወረድኩ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ወረድኩ። ከፍታ እፈራለሁ። ቤታችን ውስጥ አምፑል የምትቀይረው ባለቤቴ ናት፤ እኔ መሰላሉን እይዝላታለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ።